የድምፅ ወንፈል

ጓደኛዬ ከቀዶ ጥገናው ተመልሳ ብቸና ወዳለው ትምህርት ቤታችን የገባች ዕለት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተነሥተን ሳምናት። አንገቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላለች። እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ እግዜር ጨርሶ ይማርሽ፣ ሁሉም በየተራው አላት። እሷም ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው፤ በበር ሥር የሚያልፍ ነፋስ ዓይነት። ሁላችንም የሰማን መስለን ራሳችንን ነቀነቅን።

እንቅርቱ ለዓመታት አብሯት ኖሯል። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ብዙ እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ይዘውት ኖረው ይዘውት ሄደዋል። የእሷ ግን መተንፈሻዋን እየተጫነ ሲመጣ ሐኪሞቹ መውጣት አለበት አሉ፤ ወጣ። ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ከዚያው አጠገብ ስለሆነ አንዳንዴ ይነካል አሏት። አንዳንዱ ሰው ድምፁ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም። ታገሺ፣ አትጩኺ፣ ብዙ አትናገሪ ብለው ሰደዷት። መምህርን አትናገር ማለት ገበሬን ሞፈር አትንካ እንደማለት ነው።

የሕመም ፈቃዷ አልቆ ነበር። ክፍል መግባት ያልቻለ መምህር ካለ ርእሰ መምህሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። ካሳወቀ ደግሞ ከማስተማር ተነሥታ ገጠር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል እንደምትመደብ ሁላችንም እናውቃለን። ብቸና ውስጥ አልጋ የያዙ እናት አሏት፤ ጥላቸው አትሄድም። ግን እናቷ ባይኖሩም ያው ነበር። እሷ ከማስተማር ሌላ ምንም መሆን አትፈልግም። ይህን የምለው ገምቼ ሳይሆን ነግራኝ ነው።

እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ በአገልግሎት አንሳታለሁ። የተወለድኩት ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ ሞጣ በማታ ትምህርት ነው። ከጎኔ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ትቀመጥ ነበር፤ ሱቋን ዘግታ፣ የመግሪብ ሶላቷን ሰግዳ ትመጣለች፤ እኔ ላሞች አሳልቤ እመጣለሁ። እሷ ሒሳብ ታሳየኛለች፣ እኔ ንባብ አሳያታለሁ። እንዲህ ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ይከብደዋል መሰለኝ፤ አንድ ሐመሩ ሐ ያለቦታው ሲገባ ዛሬም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብቸና የሚያስተምሩት ባልደረቦቼ እታለም ነው የሚሉኝ። ከሁሉም የሚቀልድብኝ የሥነ ዜጋ መምህሩ ነው። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ቆይቶ የወጣ ሰው ነው፤ እታለም መንግሥተ ሰማያት ብትገባ በሩ ላይ የተጻፈውን ሳታርም አታልፍም ይላል።

ያን ዓመት ሁላችንም ደክመን ነበር። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል፣ ክፍሎች ሲጣመሩ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ሲታጨቅ፤ ጠዋት ስንገናኝ እንደምን አደርሽ የሚለውን እንኳ አሳጥረን ደህና ነሽ ብቻ እንባባል ነበር።

እና በዚያው ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ጠራ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። የመጽሐፍ እጥረቱን ነገረን፣ የተጣመሩትን ክፍሎች ነገረን፣ በመጨረሻም እጆቹን ዘርግቶ፣ አሁን ይሄ ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን አለ። ተረቱ ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ሁላችንም ወደ ጓደኛዬ አንገት ላለማየት የት እንደምናይ ጠፋን።

የሥነ ዜጋ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ እንቅርቱስ ወጥቷል። የቀረን ጆሮ ደግፉ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሳቅን፤ ርእሰ መምህሩም በላብ የራሰ ግንባሩን ጠርጎ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ የሥነ ዜጋ መምህሩ ሐሳብ አቀረበ፤ ድምፅዋ እስኪመለስ ክፍለ ጊዜዎቿን ተካፍለን እንያዝላት፤ ርእሰ መምህሩም ለጊዜው አይቶ እንዳላየ ይሁን። እጅ እናውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ። እሷ አላወጣችም።

«እሷ ድምፀ ተዓቅቦ ናት» አለ የሥነ ዜጋ መምህሩ።

ከዚያ አንዱ፣ እንግዲህ ደቦ መውጣታችን ነው ብሎ ተነሣ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ወንበር ስንገፋ፣ ጓደኛዬ እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ደቦ አይደለም በይልኝ አለች። ወንፈል ነው በይልኝ።

አልኩላት። ለሌላ አገር ሰው ሁለቱ ቃላት አንድ ሊመስሉት ይችላሉ። ደቦ ሰው ሲጠራህ ሄደህ ታርሳለህ፣ ታጭዳለህ፣ በልተህ ጠጥተህ ትመለሳለህ፤ ያ ሰው ዕዳ የለበትም። ወንፈል ግን ይመለሳል። ዛሬ የእኔን ካረምክልኝ ነገ የአንተን አርማለሁ፤ አረም በአረም፣ አጨዳ በአጨዳ። ጓደኛዬ የምትመልሰውንም አስባበታለች። ክፍሏን ለሚገባላት መምህር የተማሪዎቹን ደብተር ታርማለች። አፏ ቢዘጋ እጇና ዐይኗ አልተዘጉም። በዚህ ተለያየን። እኔ በጣም ደስ አለኝ፤ ቃሉም ልክ ነው፣ ነገሩም ልክ ነው ብዬ።

ክፍሎቿን መግባት ጀመርን። ያልሰናዱበትን ትምህርት ማስተማር የሰው ወጥ ማማሰል ነው፤ ጨው ይግባበት አይግባበት አታውቅም። እኔ የራሴን አማርኛ አስተምሬ ሳበቃ የእሷን ኅብረተሰብ ሳይንስ ይዤ እገባለሁ። መጽሐፉን እየተከተልኩ አነባለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። አንዳንዴ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መምህርታችሁ ስትመለስ ትነግራችኋለች እላለሁ። በስምንተኛው ሰዓት እግሬ አይሸከመኝም። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳዛጋ ራሴን ያዝሁት። ፊቴን ያዞርኩት ወደ ሰሌዳው ስለነበር ልጆቹ አላዩም ብዬ አሰብኩ። ሳያዩ አይቀሩም።

እሷ በበኩሏ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጣ ታርማለች። መጀመሪያ የሥነ ዜጋ መምህሩ ደብተሮች ነበሩ፣ ቀጥሎ የእኔ፣ የሌሎቹ። ስታርም ምልክት ብቻ አድርጋ አታልፍም፤ ከሥር አንድ አንድ መስመር ትጽፋለች። መናገር ያልቻለችውን ሁሉ በደብተር ላይ ታወጣው ነበር። ልጆቹ ደብተራቸው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት ውጤታቸውን ሳይሆን ያንን መስመር ሆነ።

ከዚያ ክምሩ ጨመረ። አንዳንድ ነገር በድንገት ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚበላሸው። ክፍሏን አንድ ጊዜ እንኳ ገብተው የማያውቁ መምህራን ደብተር ይዘው ብቅ ማለት ጀመሩ። አንቺማ ተቀምጠሽ ነው ይሏታል በፍቅር፤ በእግረ መንገድሽ እይልኝ። እሷም አትመልስም፤ አስቀምጡት ብላ በእጇ ታሳያለች። የእንግሊዝኛ መምህርቷ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች ለጋ ልጅ፣ የሁለት ክፍል ደብተር በአንድ ጊዜ አምጥታ አስቀመጠች። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር አንድ የሚገለበጥ ጽሑፍ ሰጣት፤ እጅሽ ያምራል ብሎ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ከተኙበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሮቹን በእናቷ እግር በኩል ደርድራ ታርማለች። አሮጊቷ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር ክምሩ ይናዳል፤ እሷም መልሳ ትከምራለች። እናቷ፣ ልጄ ሆይ፣ ይቺ ጓደኛሽ ድምፅዋን ብቻ ነው የወሰዱባት ወይስ ልቧንም አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው አልኩ። እንቢ ማለት ረሳች እኮ አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞጣ ወረድኩ። ታላቅ ወንድሜ ከገጠር ለገበያ ወጥቶ ስለነበር ከልጄ ቤት ተገናኘን። በሬ ጠምዶ ያረጀ ሰው ነው፤ ወንፈል ሲገባና ሲያስገባ ዕድሜውን የፈጀ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማርና የአንድ ክፍል ደብተር ማረም እኩል ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የበሬ ቀንና የሰው ቀን እንዴት እንደምታወዳድሩ ንገረኝ፣ በዚያ ልክ እንድንቆርጠው አልኩ። እስክጨርስ የዝንብ ጭራውን ሲያወናጭፍ ቆይቶ፣ አንቺ ነገር ስትመዝኚ ሚዛኑን ነው የምትሰብሪው አለኝ።

«ስሚኝማ እታለም። ባሏ የሞተባት ሴት አለች እንበል። በሬ የላት፣ ጉልበት የላት። ሄደን እናርስላታለን። ይሄ ምንድን ነው?»

ደቦ ነዋ አልኩት።

«ደቦ ነው። ግን ደቦ አንለውም፤ ሴትዮዋ ትሰማለች። ወንፈል ነው እንላታለን። እሷም ጊዜው ሲደርስ የሆነ ነገር ይዛ ብቅ ትላለች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ትይዛለች፤ እኛም መለሰች እንላለን። በአፍ ወንፈል፣ በሆድ ደቦ።»

እውነት መስሎት በሯ ላይ ቆሞ መልሺ የሚልስ የለም ወይ አልኩት።

«ሞልቶ። ባለጌ ከየት ይጠፋል? ለብቻው እንነግረዋለን። ካልገባው ሌላ ጊዜ አንጠራውም።»

በአውቶቡስ ወደ ብቸና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ሳስብ መጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ቃል በትክክል አውቀዋለሁ ብዬ ሳላውቀው መኖሬ ገባኝ። መምህራኑ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ወንፈል ነው ተባለ፣ ወንፈል አደረጉት። ቃሉን እንደወረደ ወሰዱት፤ እኔም ጭምር።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ሻይ ይዞ ተቀምጦ ሳለ ተነሣሁ። እኔ በስብሰባ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ስነሣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ክፍሏን ያልገባላት ሰው ደብተሩን ይውሰድ አልኩ። በወንፈል ሰው ያልላከ ሰው አይቀበልም አልኩ። የገባንላትም ብንሆን እሷ ከሰጠናት በላይ እየመለሰች ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ቆሞ መዋልና ይሄን ሁሉ ደብተር ማረም እኩል አይደለም አልኩ።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ፊቷ ቀላ። እታለም፣ እኔ እኮ አምጪ ብላኝ ነው አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። እውነቷን ነው፤ ብላታለች። ሌላው ደግሞ ሻዩን እያማሰለ፣ ለመሆኑ ማን ቆጣሪ አደረገሽ አለኝ። የሥነ ዜጋ መምህሩ ብቻ ተነሥቶ የራሱን ደብተሮች ከክምሩ ለይቶ አቀፈ። ከእሱ በኋላ አንድ በአንድ ተነሡ። ክምሩ አለቀ። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ቀረ።

ደወሉ ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሹክሹክታ ቁጣ የሚችል አይመስለኝም ነበር።

«ማን ቁጠሪልኝ አለሽ? እስከ ዛሬ የምሠራ ሰው ነበርኩ። አሁን የምታዝኑልኝ ሆንኩ።»

ከዚያ ወጣች። ወንድሜ ለብቻው እንነግረዋለን ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዛሬም ብጠየቅ ደብተሩ ለየባለቤቱ መመለሱ ልክ ነበር እላለሁ። ልክ መሆኑ ግን አላሳረፈኝም። በሚቀጥሉት ቀናት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ትመለከታለች፤ ክፍሏን ገብተን ስንወጣ እንዴት ነበር ብላ እንኳ አትጠይቅም። እኔን ስታየኝ ሰላምታዋን በአንገቷ ትሰጠኛለች፤ ለመንገደኛ እንደሚሰጥ።

በዚህ መሀል የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር መጣ። መምጣቱን ማንም አልነገረንም። መኪና ስላልነበረው በእግሩ ነው የመጣው፤ ጫማው አቧራ ለብሶ ነበር። በቀጥታ የጓደኛዬ ክፍል ገብቶ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። የሥነ ዜጋ መምህሩ ቆሞ መጽሐፍ ያነባል። ሱፐርቫይዘሩ ከጎኑ የተቀመጡትን ልጆች፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችሁ ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልጆቹ ተያዩና፣ ሁሉም ናቸው አሉት።

ርእሰ መምህሩ ተጠራ፤ እኛም ተጠራን። ሱፐርቫይዘሩ አልጮኸብንም። ቢጮኽ ይቀለን ነበር። እሱም እንደኛ ጠመኔ ይዞ ብዙ የኖረ፣ ከዐይኑ ሥር ያበጠ ሰው ነው። ያደረጋችሁት እንደ ሰው ደግ ነው አለ። ለእሷ አዝናችኋል፣ ይሁን። ለልጆቹስ ማን ይዘን? የማያውቀውን ትምህርት የሚያነብላቸው፣ የደከመው ሰው በየቀኑ እየተቀያየረ ይገባል፤ እነሱ ምን አጠፉ? እኔ ያን ሰሌዳ ላይ ያዛጋሁትን አሰብኩ። ነገ ራሷ ገብታ ታስተምር፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ አለ። ከቻለች ትቀጥላለች። ካልቻለች ግን ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቃለሁ፣ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች፤ እኔ ባልነግር ሌላ ይነግራል።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ቀረን፤ እሷ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩና እኔ። እኔ የቀረሁት ሳልጠራ ነው። እሱ አንድ ነገር አስቤያለሁ አለ። ቅኔ ቤት ሳለ የኔታ አርጅተው ስለነበር ድምፃቸው ከበርኖሳቸው አይወጣም ነበር። ጉባኤው ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከጎናቸው አስነጋሪ ይቀመጣል። እሳቸው ሹክ ይሉታል፤ እሱ ተቀብሎ ለሁሉም ያሰማል። አስነጋሪው አንዲት ቃል ከሳተ የኔታ በመቋሚያቸው ጉልበቱን ነካ ያደርጉታል።

«ከዚያ ጉባኤ የወጣው ሁሉ መምህር ሆኗል» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ ሥነ ዜጋ ላይ የወደቅሁት።»

አልሳቀችም። የልጆች መሳቂያ አልሆንም አለች፤ ቃሉን ከከንፈሯ ነው ያነበብነው። እሱም፣ አንድ ቀን መሳቂያ መሆንና ንብረት ክፍል ጠረጴዛና ወንበር ሲቆጥሩ መኖር፣ የትኛው ይሻልሻል ብሎ ትቷት ወጣ። እሷም ጠረጴዛዬን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ነገ ትገቢያለሽ?»

እገባለሁ አልኳት።

በማግስቱ ለራሴ ክፍል የሚጽፉት ድርሰት ሰጥቼ፣ የክፍል አለቃዋን አደራ ብዬ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ጎን ኋላ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ ገባች። ጠባሳው ገና ቀይ ነው፤ ልጆቹ አዩት፤ አንዷ አፏን ያዘች። ጠመኔ አንሥታ ዛሬ እንዴት እንደምንማር ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ከሥሩም ከየረድፉ አንድ አንድ ሰው በየተራ አጠገቤ ይቆማል፣ የምለውን ሰምቶ ለሁላችሁ ይናገራል ብላ ጨመረች። ትምህርቱ ስለ አየር ጠባይ ነበር፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ።

መጀመሪያ የቆመው ልጅ በጣም ፈርቶ ነበር። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ ሹክ አለችው። ልጁ ትከሻውን ነፍቶ፣ እኛ የምንኖርበት ብቸና የሚገኘው ወይ! ደጋ! ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። እሷ ግን የልጁን ትከሻ ነካ አድርጋ ደግማ ሹክ አለችው፤ እሱም ወይና ደጋ ብሎ አቀናው። ከዚያ በኋላ የሚቆሙት ተጠነቀቁ። ከእነሱም ቀጥለው የሚመጡት ከወዲሁ ጆሮ ጣሉ፤ ተራው ሲደርሰው መሳቂያ መሆን የሚፈልግ የለምና። አንድ ልጅ፣ እኛ መምህርታችሁ ትነግራችኋለች ብለን የምናልፈውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ፤ ቆላ ወርዶ የሚኖር ሰው ደጋ ሲወጣ ለምን ያመዋል አለ። እሷ መለሰች። መልሱ በሌላ ልጅ አፍ መጣ፤ አገላለጹ ግን የእሷ ነው፤ ከየትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ሁሉ ደህና ሄደ ማለት አልችልም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ጊዜው ሮጠ። ኋላ ያሉት ልጆች የአስነጋሪው ድምፅ ሲያንስባቸው ወሬ ይጀምራሉ። ወደ መጨረሻው ትንፋሿ ራሱ እየቀጠነ ሄደ፤ ሹክ ስትል ጉሮሮዋን በእጇ ትደግፋለች። ደወሉ ሲመታ ለዕለቱ ካሰበችው ግማሹን ነው የጨረሰችው።

ሱፐርቫይዘሩ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ልጆቹ አልወጡም፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይነገራቸውም ያውቃሉ። እሱም አላስወጣቸውም። መምህርት፣ ግማሹን ነው የጨረሱት አላት። ራሷን ነቀነቀች። ሌላው ግማሽ የእነዚህ ልጆች ድርሻ ነው አላት። አሁንም ነቀነቀች። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ እኔ ግን ወደ ፊት መጥቼ ስለነበር ሰምቼዋለሁ።

«ይህን እስከ መቼ ይችሉታል?»

ከጎኗ የመጨረሻዋ አስነጋሪ ገና ቆማለች። ጓደኛዬ ለሱፐርቫይዘሩ መልስ ስትሰጥ፣ ልጅቷ ተራዋ ያላለቀ መስሏት ጆሮዋን አስጠጋች። ሰማችና፣ ለክፍሉ ሁሉ፣ ባላት ድምፅ ተናገረች።

«እስኪደክመኝ ድረስ። እንደ ሰዉ ሁሉ።»

ማንም አልሳቀም። ሱፐርቫይዘሩ በአፍንጫው ትንሽ ተነፈሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። እንግዲያው ሁላችንም እዚያው ነን አለ። ክፍል ትገባለች ብዬ አሳውቃለሁ፤ ግማሽ እንደምትጨርስም አሳውቃለሁ፤ አልደብቅላችሁም። ለቀረው ግማሽ ምን እንዳሰባችሁ እስከ ሰኞ ንገሩኝ አለና ወጣ። በመስኮቱ ሳየው አጥሩን ተደግፎ ከጫማው ጠጠር ያራግፋል።

ልጆቹ ሲወጡ ጓደኛዬ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን እንደያዘች ነው። እኔ ደስ ይበልሽ ልበላት? የተሰጣት ነገር ድካም ነው፤ ያውም ከእኛ ድካም የሚበልጥ። አየችኝ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ።

ለቀረው ግማሽ ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ እገባለሁ አለችኝ። ራሴ ነኝ የምገባው፣ ማንም እንዳይገባልኝ። ከዚያም፣

«ደብተርሽን አምጪ» አለችኝ። «ያንቺን ብቻ።»

አንቺስ ደክሞሽ የለም ወይ አልኳት።

ደክሞኛል አለችኝ። አንቺስ?

ዴስኮቹን አስተካከልን። ልጆቹ ያዛነፏቸውን እያቃናን፣ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ እየያዝን ወደ ፊት ገፋናቸው። ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ እሷ የነገውን ትምህርት ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ እኔም ድርሰት ወደሰጠሁት ክፍሌ ዘግይቼ ሄድኩ።